የብርብራው እሑድ

በረኪና በሸተተኝ ቁጥር እሷ ትመጣብኛለች። ዛሬ ጠዋት የጎረቤቴ ሠራተኛ ደረጃውን ስታጥብ ሽታው በመስኮት ገባ፤ እኔም የያዝኩትን ሽንኩርት ግማሹን ከትፌ ግማሹን ሳልከትፍ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ዕድሜ ነው መቼም። ድሮ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ ራሴን ነቅነቅ አድርጌ ወደ ሥራዬ እመለስ ነበር፤ አሁን ግን መመለሱም ይደክማል።

አንቺም ጋዜጠኛዋ ከሰዓት በኋላ ደውለሽ፣ “ስለ እሳቸው ይንገሩኝ፤ ኬሚስት የነበሩ ሴት እንዴት የተፈጥሮ ተሟጋች ሆኑ?” ስትይኝ ሳቄ መጣ። ለጋዜጣ የሚሆነው መልስ እሷው ዘንድ አለልሽ። ተፈጥሮን ከልጅነቴ ጀምሮ እወድ ነበር ትልሻለች። ውሸቷን ነው። ድሬዳዋ ተወልዳ ያደገች ልጅ፣ መጀመሪያ ባሕር ዳር የመጣች ጊዜ ሐይቁን ፊት ለፊት ማየት እንኳ ትፈራ ነበር። እውነቱን ከእኔ ስሚ፤ ደከመኝ እንጂ አልረሳሁትም።

ጊዜው የሰባዎቹ መጀመሪያ ነው፣ በደርግ ዘመን። እሷ ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣች በምደባ የመጣች ኬሚስት ነበረች፣ እኔ ደግሞ የአንደኛ ደረጃ መምህርት። እኔ የአገሩ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ከሐይቁ ዳር ካሉት ደብሮች ባንዱ መሪጌታ ነበሩ። ሁለታችን አንድ ቤት በጋራ ተከራይተን እንኖር ነበር። ከአጥራችን ጀርባ ደንገሉ ይጀምራል፤ ነፋስ ሲነሳ ደንገሉ ይንሿሿና እሷ ዝናብ የመጣ መስሏት ያሰጣችውን ልብስ ልታነሳ ትሮጣለች። “አቦ፣ የእናንተ አገር ሣሩም ይዋሻል” ትለኝ ነበር። በዚህ “አቦ” በሚለው ቃሏ መሥሪያ ቤቱም መንደሩም ይቀልድባት ነበር፤ እሷ ደግሞ ሲቀለድባት ደስ ይላታል።

ሥራዋ የከተማውን የቧንቧ ውሃ መመርመር ነበር። ነጭ ጋዎኗን ለብሳ ስትገባ እጇም፣ ፀጉሯም፣ ነጠላዋም በረኪና በረኪና ይላል። እኔ እየተቆጣሁ መስኮት እከፍታለሁ፣ እሷ ደግሞ ይህ ንጹሕ ሽታ ነው እያለች ትከራከረኛለች። ለእሷ ዓለም በሙሉ ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ የሚለካ ነገር ነበር። ወፍ ሲያልፍ ቀና ብላ አታይም፤ ዛፍ ሁሉ ለእሷ ዛፍ ብቻ ነው። አሁን ስብሰባ ላይ ቆማ የእያንዳንዱን ወፍ ስም ስትጠራ ስሰማ ሳቄን መያዝ ያቅተኛል።

የዐቢይ ጾም አጋማሽ ላይ ነበር። ሐይቁ በበጋው ወደ ኋላ ሸሽቶ ዳር ዳሩን የተሰነጣጠቀ ጭቃ ትቷል። አንድ ቀን ጠዋት ሴቶቹ ልብስ ሊያጥቡ ሲወርዱ ዳሩ በሙሉ ዓሣ ሆኖ ጠበቃቸው። ትልቁም ትንሹም ነጭ ሆዱን ወደ ፀሐይ አዙሮ ተንሳፍፏል። እኔ ወደ ትምህርት ቤት ሳልፍ ገና መሽተት አልጀመረም። ሰው ግን ተሰብስቦ፣ ማንም ምንም ሳይነካ፣ ዝም ብሎ ያያል። ያን ጊዜ ሰው ሲሰበሰብ ዝም ይል ነበር፤ የትኛው ቃል እንደሚያስጠይቅ ስለማይታወቅ።

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ወሬው ከተማውን ዞረው። ሐይቁ ተመርዟል፤ ፀረ አብዮተኞች መርዝ ጨምረውበታል ተባለ። ዓሣ የሚገዛ ሰው ጠፋ። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም እያሉ በየዓመቱ የሚሟገቱት ሰዎች እንኳ ሙግታቸውን ተዉት። የቧንቧውን ውሃ ከነእንስራው የሚደፉ ነበሩ፤ ጓደኛዬን መንገድ ላይ አስቁመው እንጠጣው ወይስ አንጠጣው ብለው የሚጠይቋትም ነበሩ። በማግስቱ የቀበሌው አብዮት ጥበቃዎች ታንኳ ሠሪውን ሽማግሌ ይዘው ወሰዷቸው።

ሽማግሌው ከእኛ ቤት ጀርባ፣ ደንገሉ መሃል ይኖሩ ነበር። ደንገል እያጨዱ፣ እያደረቁ፣ እየጠፈሩ ታንኳ ከሚሠሩት ሰዎች አንዱ ናቸው። ከተማው ታንኳቸውን ይፈልጋል፤ ገበታቸውን ግን አይቀርብም ነበር። ለምን ብትይኝ መልስ የለኝም፤ ሁላችንም እንዲያ አድርገን ነው ያደግነው። ልጃቸው ማታ ማታ የማስተምረው የመሠረተ ትምህርት ክፍል ተማሪዬ ነበረች። ፊደል ስትጽፍ ምላሷን ወጣ የምታደርግ፣ ቶሎ የምትስቅ ልጅ ናት። ያን ቀን እያለቀሰች ቤታችን የመጣችው እሷ ነች።

አባቷ ያደረጉትን አልደበቀችም። ብርብራ ነው አለች። ብርብራን ታውቂው እንደሆነ እንጃ፤ ዘጌ ውስጥ ለቡናው ጥላ የሚሆነው ረጅሙ ዛፍ ነው። ፍሬው ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በቆመ ውሃ ላይ ሲነሰነስ ዓሣው እንደሰከረ ሆኖ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ከዚያ በእጅ መልቀም ነው። ከሐይቁ ዳር ላለ ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ እኔም ስሰማው ነው ያደግኩት። ሽማግሌው እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ መረብ መጣል አቃታቸውና ደንገሉ መሃል ባለች ጠባብ ውሃ ላይ አልፎ አልፎ ይህን እያደረጉ ልጆቻቸውን ያበሉ ነበር። ያን ዕለት ግን ነፋሱ በርትቶ ውሃውን ከነዓሣው ወደ ከተማው ዳር ገፋው። ሲወቅጡ ያያቸው ሰው ደግሞ መርዝ ሲወቅጥ አየሁት ብሎ ተናገረ።

የታሰሩት በፊት የእህል መጋዘን በነበረው የቀበሌው ቤት ውስጥ ነው። እሑድ ስብሰባ አለ፤ እዚያ ለሕዝብ ይቀርቡና ወደ ላይ ይተላለፋሉ ተባለ። ወደ ላይ የሚባለው የት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ወደ ላይ ተወስዶ የተመለሰ ግን እኔ በበኩሌ አላየሁም።

ልጅቷ እንባዋን በሻሿ ጠርጋ ጓደኛዬን፣ “እትዬ፣ የውሃ ሐኪም ነዎት ይላሉ። አባቴ ሰው ሊገድል እንዳላሰበ እርስዎ ይንገሩልኝ” አለቻት።

ጓደኛዬ ያን ጊዜ ብርብራ የሚባል ነገር ሰምታ አታውቅም ነበር። ግን ነገሩ አላስቀመጣትም። በማግስቱ አለቃዋን ስትጠይቀው፣ ቧንቧው ደህና ነው ብለሽ ጻፊ፣ ሌላው አይመለከትሽም ብሎ መለሳት። በላቦራቶሪው ውስጥ ብርብራን የሚለይ መሣሪያ አልነበረም። ስለዚህ ላቦራቶሪው ወደ ቤታችን መጣ። ሁለቱን ሳፋዎቼን ወሰደችብኝ፤ ወደ ዓባይ ማዶ ልጆች ልካ ነፍሳቸው ያለች ትንንሽ ዓሦች በባልዲ አስመጣች፤ ልጅቷም የቀረውን የብርብራ ዱቄት አመጣችላት። ያ ሳምንት በሙሉ ልብሴን በድስት እያጠብኩ ነው ያለፈው። ዓሦቹ ሲያጣጥሩ እኔ ፊቴን አዞራለሁ፤ እሷ ግን ሳፋው ላይ አጎንብሳ፣ ሰዓቷን እያየች፣ ለራሷ ታወራለች።

በመጨረሻ የደረሰችበትን እንዲህ ብላ አስረዳችኝ። ብርብራው ዓሣውን የሚገድለው አየር እያለ አየር እንዳይጠቀም አድርጎ ነው። ዱቄቱ የተነሰነሰበት ውሃ ፀሐይ ላይ ሲሰነብት ኃይሉን ያጣል፤ ሌላ ዓሣ ቢገባበትም ይኖራል። በዚያ መንገድ የተያዘውን ዓሣ አብስሎ የበላ ሰው ምንም አይሆንም። ይህን ሁሉ ስትናገር ፊቷ በርቶ ነበር። እኔ ግን የቀበሌውን ሊቀመንበር አውቀዋለሁና፣ ይህን በወረቀት ብታነቢላቸው ማን ያምንሻል አልኳት። ልጅቷ ከበሩ አጠገብ ቆማ ትሰማ ነበር። “እኛ እኮ ዕድሜያችንን በሙሉ ስንበላው ነው የኖርነው” አለች ቀስ ብላ።

ጓደኛዬ ዘወር ብላ አየቻት። ከዚያ እኔን አየችኝ። ምን እንዳሰበች ገባኝና፣ ጾም ነው እኮ አልኳት። ያስጨነቀኝ ግን ጾሙ አልነበረም።

እሑድ የቀበሌው አዳራሽ ጢም አለ። አዲስ የተቀባው ኖራ ይሸታል፤ በተበሳው ቆርቆሮ የገባው ፀሐይ በሰዉ ራስ ላይ እዚህም እዚያም አርፏል። ሽማግሌው በሩ አጠገብ፣ በሁለት ጠባቂዎች መሃል መሬት ላይ ተቀምጠዋል። የሚንቀጠቀጠውን እጃቸውን በሌላኛው እጃቸው ይዘውታል። ማንንም አልፈለጉም፤ እኛ ስንገባ እንኳ ቀና አላሉም።

ሊቀመንበሩ ድሮ የፋብሪካ ሠራተኛ የነበረ፣ ገና ጎልማሳ ሰው ነው። ክፉ አልነበረም። ነገር ግን እሱም ከበላዮቹ መራዡን አምጣ ተብሎ ተይዟል፤ ስም ካላቀረበ የራሱን ስም ያቀርቡታል። ጓደኛዬ ተነስታ የጻፈችውን ማንበብ ስትጀምር እጁን አነሳና አስቆማት።

“ጓድ፣ ወረቀቱ ይቆየን። እኔ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይህን ዓሣ ሰው ቢበላው ይሞታል ወይስ አይሞትም?”

“አይሞትም።”

“በምን እናውቃለን?”

ወረቀቷን አጠፈችና ወደ በሩ አየች። ልጅቷ በጨርቅ የተሸፈነ የቆርቆሮ ሳህን ይዛ ገባች። ጓደኛዬ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ዓሣው ዛሬ ጠዋት በብርብራ የተያዘ መሆኑን፣ ሲያዝ እሷ ራሷ ቆማ ማየቷን፣ የተጠበሰውም በሽማግሌው ቤት መሆኑን ተናገረች። ከዚያ ሳህኑን ተቀብላ፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ ቁጭ ብላ በላች። በርበሬ በዝቶበት ነበርና ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከኋላዬ ያሉ ሴትዮ “በጾም፣ ከነሱስ ቤት” ብለው ሲያንሾካሹኩ ሰማሁ። ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው ያዩት ያኔ ነው።

በልታ ስትጨርስ ምን መደረግ እንዳለበት ያወቀ አልነበረም። ሊቀመንበሩ ትንሽ አሰበና እስቲ እንጠብቅ ብሎ ወደሚቀጥለው አጀንዳ ገባ። አጀንዳው ስለ ጽዳት ዘመቻ ነበር። ስለ ቆሻሻ ጉድጓድና ስለ አካፋ ብዙ ተወራ፤ የሰማው ግን የለም፤ ሁሉም የሚያየው እሷን ነው። አንድ ጊዜ አፍንጫዋን ስታክ አዳራሹ በሙሉ ተነቃነቀ። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር፤ እጇን ጣል አድርጋ እጄን ያዘችኝ። እጇ ላብ በላብ ነው። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልነገርኩም፤ እሷም ፈርታ ነበር።

አጀንዳው አልቆ ሊቀመንበሩ ወደ እሷ ዞረ።

“እስካሁን ደህና ነሽ?”

“ደህና ነኝ፤ ውሃ ብቻ ጠምቶኛል።”

አዳራሹ ሳቀ። በዚያ ቤት ውስጥ ሳቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ሊቀመንበሩም ሳቀ፤ ትከሻው ወረድ ሲል አየሁት። ለበላዮቹ የሚመልሰው መልስ ስላገኘ እፎይ ብሎ ነው የሳቀው። ኋላ ቀር አሠራር እንጂ አሻጥር አይደለም ብሎ ወሰነ፤ ሽማግሌውን በማስጠንቀቂያ ለቀቃቸው። ለመነሳት ሲሞክሩ ልጃቸው በአንድ ወገን፣ ከጠባቂዎቹ አንዱ በሌላው ወገን ደግፈው አቆሟቸው። ዕልልታ አልነበረም። ሰው ግን መንገድ ከፈተላቸው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ምን ነበረበት። ጋዜጣው ላይም ያምር ነበር።

ቆይ፣ መብራት ሄደ። ግድ የለም፣ ለወሬ መብራት አያስፈልግም።

ሽማግሌው ከወጡ በኋላ ሊቀመንበሩ ደስ ብሎት ድምፅ ማጉያውን ሰጣትና ጓድ ኬሚስት ስለዚህ ነገር ለሕዝቡ ትንሽ ታብራራ አለ። እሷም አብራራች። ያ ሁሉ ሰው ዝም ብሎ፣ ዓይኑን ተክሎ ይሰማታል። እኔ መምህርት ነኝና አውቀዋለሁ፤ ተማሪ እንዲያ ሲሰማሽ ራስሽን ትረሻለሽ። አንዱ ተነስቶ ለምን ያህል ውሃ ምን ያህል ዱቄት ይበቃል አላት፤ በቁና እያሰላች ነገረችው። ሌላው በሚፈስ ውሃ ላይስ ይሠራል አለ፤ ብዙ ከሆነ ይሠራል፣ ከላይ በኩል ሲነሰነስ ወደ ታች ይወርዳል አለችው። ሰው ግን አይጎዳም፣ አይታችኋል፣ እኔ በልቼዋለሁ ብላ ጨረሰች። ተጨበጨበላት። ወደ ቤት ስንመለስ፣ ይህ ሕዝብ ኬሚስትሪ እንዲህ ይወዳል ብዬ አልጠበቅኩም እያለች መንገዱን ሙሉ አወራች። ጎረቤቶቻችን ያን ቀን ከየበራቸው ብቅ እያሉ ሰላም አሏት፤ እኔም በእሷ ኮራሁ።

ክረምቱ ገባ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤት ነበርኩ። ነሐሴ ውስጥ አንድ የገበያ ቀን ጠዋት አንድ የባላገር ሰው፣ ጋቢው ረጥቦ፣ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ በራችን ላይ ቆመ። በገመድ የተንጠለጠሉ ትልልቅ ዓሦች ይዟል፤ ውሃው ገና ይንጠባጠባል። ጓደኛዬን ሲያያት ፊቱ በራ።

“አንች ነሽ አይደል በስብሰባው የተናገርሽው? የሚስቴ ወንድም እዚያ ነበር። እንዳልሽው አደረግሁ። እግዜር ይስጥሽ፣ ለአንች ይዤልሽ መጣሁ።”

ምን እንዳደረገ ጠየቀችው። በደስታ ነገራት። ዓሣው በክረምት ከሐይቁ ወጥቶ ወንዙን ሽቅብ ሲሄድ መንደሩ በሙሉ አዋጥቶ ብርብራ ወቀጠ፤ በከረጢት አድርገው በአህያ አወረዱት፤ ከላይ በኩል ነሰነሱት። ወንዙ ነጭ ሆነ አላት። ሌሎቹ መንደሮችም እያደረጉት ነው። እስከ ዘንድሮ ድረስ ጥቂት አዋቂ ብቻ ሰርቆ የሚያደርገው ነገር ነበር፤ ሰው ይመርዛል እየተባለ ይፈራ ነበር። አሁን የተማረች ሴት በአደባባይ በልታው ምንም አልሆነችም፤ ስለዚህ የሚፈራው የለም። ስጦታውን እምቢ ብትለው ቅር ይለዋልና ተቀበለችው። ከሄደ በኋላ ገመዱን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ውሃው ጫማዋ ላይ ይንጠባጠባል፤ ቀሚሷም ረጠበ፤ እኔ ወስጄ እስካስቀምጥላት አልተንቀሳቀሰችም።

በማግስቱ ወደ ወንዙ አፍ ሄድን። መንገዱ ጭቃ ስለነበር የወሰዱን ሽማግሌው ናቸው፣ በታንኳቸው። ልጃቸው ትቀዝፋለች፣ እሳቸው ፊት ለፊት ተቀምጠው ያመለክታሉ። ሐይቁን የምትፈራው ጓደኛዬ እግሯ ታንኳው ውስጥ በገባው ውሃ ረጥቦ፣ የደንገሉን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨብጣ ሄደች። ሽታው የደረሰብን ወንዙን ገና ሳናየው ነው።

እዚያ ያየነውን ብዙ ልነግርሽ አልፈልግም። ትልልቆቹ ተለቅመው ተወስደዋል። ትንንሾቹና የተረፉት በወንዙ ዳር ተከምረው ይበሰብሳሉ፤ ዝንቡ ድምፅ አለው። ጓደኛዬ ታንኳው ቆሞ ሳያልቅ ወርዳ ከጭቃው ላይ አንዱን አነሳች። ሆዱ ተተርትሮ እንቁላሉ በጣቶቿ መሃል ፈሰሰ። የወንዙ ዳር ሴቶች አወቋት። እየሳቁ መጥተው እጇን ሳሙ፤ አንዷ ግቢና ብይ ብላ እስከ ቤቷ ልትጎትታት ነበር። ብትሰድባት ይሻላት ነበር። ጓደኛዬ አመስግና፣ ፈገግ ለማለት ሞክራ፣ ወደ ታንኳው ተመለሰች።

ሽማግሌው ከታንኳው አልወረዱም። ወንዙን ሽቅብ ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ ለእሷም ለእኛም ሳይሆን ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው፣ “ምነው እዚያው ታስሬ በቀረሁ” አሉ።

“እሱንስ አይበሉ፣ አባባ” አለች ጓደኛዬ። “እባክዎ፣ እሱንስ አይበሉ።”

ልጃቸው ታንኳውን አዙራ ወደ ከተማው መቅዘፍ ጀመረች። እሳቸው በነፃነታቸው አፈሩ፤ እሷ እንዲያፍሩ አልፈለገችም። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በየመንደሩ ስትዞር ሳያት፣ ለዓሣው ስትል ብቻ አልመሰለኝም። ለእሳቸው መልስ ስትፈልግ ነው የመሰለኝ።

መጀመሪያ ወደ ሊቀመንበሩ ሄደች። ድምፅ ማጉያውን እንዲሰጣት፣ ያለችውን እንድታስተካክል ለመነችው። ሳያናድዳት፣ እንደ ታናሽ እህቱ አድርጎ ነው የመለሳት። ዓሣው ሰው አይጎዳም ብለሽ በልተሽ አሳየሽን፤ ሰውየውን በዚያ ለቀቅነው፤ አሁን ደግሞ ብርብራ ጥፋት ነው ብትይ እንደገና አስረን ልንጠይቀው ነው? አላት። እሳቸውን የሚያስጠይቅ ነገር በአደባባይ መናገር አትችልም፤ ዝም ማለትም አትችልም። የቀራት በየቤቱ እየዞሩ፣ ቀስ ብሎ፣ አንድ ባንድ መናገር ነው።

እንዲህ ነው የጀመረችው። ቅዳሜና እሑድ በእግሯ ትሄዳለች። በየወንዙ ዳር፣ በየደጁ ተቀምጣ፣ ዓሣው ወደ ላይ የሚወጣው ሊወልድ ነው፣ በክረምት ተዉት፣ በበጋ መረብ ጣሉ ትላለች። ይሰሟታል፤ ጠላ ይቀዱላታል፤ ስትሄድ ይወቅጣሉ። ዱርቤቴ ድረስ ሄዳ እግሯ አብጦ የተመለሰችበትን ቀን አስታውሳለሁ። አንድ ጊዜ ጓዲት፣ በፊት ያልሽው ነው ወይስ አሁን የምትይው እውነቱ ብለው ሲጠይቋት፣ ሁለቱም እውነት ነው ብላ መልሳ ስቀውባታል። በሚቀጥለው ክረምት ሽማግሌው በታንኳ ይዘዋት ይዞሩ ጀመር። ስለ ብርብራ የሚናገሩት ነገር አልነበራቸውም፤ አጠገቧ ይቀመጡ ነበር እንጂ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ቤታቸው ውስጥ፣ ልጆቻቸው መሃል አረፉ። እሷ ለቅሶ ላይ ማንም ሊያጽናናት አልቻለም። ልጃቸው ራሷ ናት አቅፋ ያባበለቻት።

ላቦራቶሪውን የተወችው ከዚያ በኋላ ነው። ሌላውን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ መንግሥት ተለወጠ፣ ስብሰባው በዛ፣ ስሟ ታወቀ። ወንዞቹ ግን ዓሣቸውን መልሰው አላገኙም። አንዳንድ ክረምት ጥቂት ይወጣል፣ አንዳንድ ክረምት ምንም። እሷ ጥቂቱን ሳይቀር ትቆጥራለች፤ እኔ መስማቱ ራሱ ታክቶኛል።

ባለፈው ሳምንት ሸልመዋት ከአዳራሽ በቀጥታ ወደ እኔ መጣች። የሰጧትን አበባ ባልዲ ውስጥ ከተተችና ሶፋው ላይ ዘፍ አለች። ያን ቀን ስለ ድካሟ እንጂ ስለ ሽልማቷ አላወራችም። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ይህን ሁሉ ዓመት ያልጠየቅኳትን ጠየቅኳት። ያ እሑድ ቢመለስ ዓሣውን ትበዪው ነበር ወይ አልኳት።

ዓይኗን ጨፍና ቆየች፤ የተኛች መሰለኝ።

“እበላው ነበር” አለች። “እሳቸው እንዲወጡ እበላው ነበር። ድምፅ ማጉያውን ግን አልቀበልም።”

ከዚያ በእውነት ተኛች፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ። እግሯ አብጦ ስለነበር ማሰሪያው ቆዳዋ ውስጥ ገብቷል። ጎንበስ ማለት ለእኔም ይከብደኛል፤ ቢሆንም ቁጭ ብዬ፣ እንዳትነቃ ቀስ እያልኩ፣ አንዱን ፈታሁ፣ ከዚያ ሌላውን። ፎጣ አልብሻት መብራቱን አጠፋሁ።